ጥይቱን ፀሐይ የመታው ዕለት

እናቴ ባረፈች በአራተኛው ወር አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ሲያትል አጠገብ ሾርላይን እኔ ጋር መኖር ጀመሩ። መርዶዬን የነገሩኝ የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ገና ሳይነጋ በር አንኳኩ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ስለነበር ሳይናገሩ ገባኝ። እነሱ አለቀሱ። እኔ ወንበር አመጣሁላቸው፤ ወንበሩ እንደማይበቃ ሳይ ከመኝታ ቤት ሌላ ጨመርኩ። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብር መሄድ አልቻልኩም። ካፒቶል ሂል የምሠራበት ምግብ ቤት የሳምንት ፈቃድ ሰጥቶኝ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ። "ትንሽ እረፊ እንጂ" ሲሉኝ "ኦኬ ነኝ" አልኳቸው። ውሸቴን አልነበረም። ምንም አይሰማኝም ነበር።

አባቴም ብዙ አይናገሩም። በሥራ ዘመናቸው የጥይት ፋብሪካ ውስጥ የፍተሻ ክፍል ቴክኒሽያን ነበሩ፤ ስለ ሥራቸው ግን ቤት ውስጥ አንስተው አያውቁም። እዚህ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የሚያልፈውን አውቶቡስ ያያሉ። ከሥራ ስገባ "ደኅና ዋልሽ?" ይሉኛል፤ "ደኅና፣ እርስዎስ አባባ?" እላለሁ፤ ወሬያችን በዚሁ ያልቃል። ስለ እናቴ አንድም ቀን አላነሳንም።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፤ ብቻውን ይኖራል። ጋራዡ ውስጥ የራሱን ጥይት ይሠራል። የተተኮሰ ቀለህ ያጸዳል፣ ቂጡ ላይ አዲስ መቀጣጠያ ይተክላል፣ ባሩድ በትንሽ ሚዛን መዝኖ ይሞላል፣ አፉ ላይ የእርሳስ አረሩን ይገጥማል። ጠመንጃው ቀጭንና ፈጣን ጥይት የሚተኩስ ነው። በጸደይ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ተራራ ተሻግሮ ይሄድና የገበሬውን ማሳ የሚቦረቡሩትን ሽኮኮ መሳይ አውሬዎች ያድንበታል።

አንድ ቅዳሜ ቆሻሻ ለማውጣት ከአባቴ ጋር ስንወጣ እሳቸው የጎረቤታችን ጋራዥ በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ገቡና ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ቀለሆች አንዱን ሳያስፈቅዱ አነሱ። ገልብጠው ቂጡን አዩት፤ በጥፍራቸው ዳሰሱት።

"ይሄ ሰውዬ ባሩድ አብዝቷል" አሉኝ። "ንገሪው።"

ነገርኩት። ጎረቤታችን ሳቀ። "በምን አወቁ?"

"መቀጣጠያዋን ይያት። ጠርዟ ጎበጥ ያለ መሆን ነበረበት፤ ተደፍጥጣለች። ግፊቱ በዝቷል።"

"እኔም የማየው እሷኑ ነው" አለ። "እስካልተበሳች ድረስ ምንም አይደል።"

አባቴ ራሳቸውን ወዘወዙ። "ግፊት በዓይን አይለካም በይው። እኛ በዓይን ለክተን አናውቅም።"

ከዚያ ፋብሪካው ውስጥ እንዴት ይለኩ እንደነበር ተናገሩ። በመፈተሻው ጠመንጃ ላይ፣ ጥይቱ ከሚጎርስበት ክፍል ጎን ቀዳዳ ይበሳል። ቀዳዳው ውስጥ ፒስተን ይገባል፤ ከፒስተኑ በላይ የጣት ጫፍ የማታክል የመዳብ ቁራጭ ትቀመጣለች። ሲተኮስ ጋዙ ፒስተኑን ይገፋል፣ ፒስተኑ መዳቧን ይጨፈልቃታል። ምን ያህል እንዳጠረች በማይክሮሜትር ለክተው ግፊቱን ከሠንጠረዥ ያነባሉ። "ሃያ ስምንት ዓመት መዳብ ለካሁ" አሉ። እኔም ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ለጎረቤታችን ስተረጉም ነው።

ጎረቤታችን መሳቁን ትቶ ወንበር አመጣላቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፓኬጅ መጣለት። በውስጡ ከጥፍር የምታንስ፣ ስስ ቅጠል የመሰለች መለኪያ ነበረች፤ ከእሷ ሽቦ፣ ከሽቦው አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑ ላፕቶፕ ይገናኛል። ጠመንጃው ሲተኮስ ብረቱ ዓይን በማያየው ልክ ይለጠጣል፤ እሱ ላይ የተለጠፈችው ቅጠልም አብራው ትለጠጣለች፤ ላፕቶፑ ያንን ወደ ግፊት ቀይሮ መስመር ይስላል። አባቴ ብረቱን ራሳቸው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ በአልኮል ወለወሉ፣ ሙጫውን ቀቡ፣ ቅጠሏን በአውራ ጣታቸው ተጭነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። እኔ መሃላቸው ቆሜ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ አቀብል ነበር። ሥራው ይመቸኝ ነበር፤ የራሴን ቃል አይጠይቀኝም።

ሰኞ እረፍቴ ስለሆነ በጎረቤታችን መኪና ተራራውን ተሻግረን ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። ሲያትልን ስንለቅ ያካፋ ነበር፤ እዚያ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጣሪያ ካለው መተኮሻ አጠገብ ፓርክ አደረገ።

"መጀመሪያ ከሱቅ የተገዛውን ይተኩስ" አሉ አባቴ። "የእሱን ልክ ሳናውቅ የራሱን አናውቅም።"

እንዳሉት አደረገ። ቀጥሎ የራሱን፣ ባሩዱ ካነሰው ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ወደሚበዛው ተኮሰ። እሱ ቁጥሩን ይጠራል፣ እኔ በአማርኛ እደግማለሁ፣ አባቴ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ቁጥሮቹ ቀስ ብለው ወጡ። የቀሩት ጥይቶች በእንጨት መደርደሪያ ላይ ጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጠዋል። ጠዋት ጥላ ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ደረሰባቸው።

አባቴ ከደብተራቸው ቀና አሉ። "እነዚያን ፀሐይ መቷቸዋል። ባሩድ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል። ጥላ ያስገባቸውና ቀዝቀዝ እስኪሉ ይቆይ በይው።"

ሰማሁ። የጆሮ መከላከያዬ አንገቴ ላይ ነበር፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ጎረቤታችን ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቀጣዩን ጥይት እያነሳ ነው። እኔ ከኢላማው ማዶ የሚነሳውን አቧራ አያለሁ። ረስቼ አይደለም፤ ተቀይሜም አይደለም። አፌን የሚያስከፍት ነገር ከውስጤ አልመጣም፤ ሌላ ማብራሪያ የለኝም።

"ነገርሽው?"

"እሺ" አልኩ።

አባቴ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ጎረቤታችን ቃታውን ሳበ።

ድምፁ ከሌሎቹ ይለይ ነበር፤ ሰላ ያለ ነበር። ከጠመንጃው ጎን ጭስ ወጣ፤ ጎረቤታችን ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። የላፕቶፑ መስመር ከስክሪኑ በላይ ወጥቶ ተቆርጧል። አባቴ ሮጡ። አባቴ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። የሰውየውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት።

"ዓይኑን ይክፈት በይው! ዓይኑን!"

ይህን ተረጎምኩ። መነጽሩን አወለቅንለት፤ መስተዋቱ በጥቁር ነጠብጣብ ተሞልቷል። ዓይኑን ከፈተ። "ይታየኛል" አለ። ጉንጩ ላይ ጥቃቅን ቁስል ነበረው፤ ደሙ እንደ ክር ወርዷል። ጠመንጃው በእጅ አልከፈት አለ።

ውኃ ለማምጣት ወደ መኪናው ስሄድ አባቴ ተከተሉኝ።

"የፀሐዩን አልነገርሽውም?"

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"አላውቅም አባባ።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። መኪናውን ተደገፉ። "እናትሽ ከሄደች ወዲህ" አሉ፣ "ሰው ሲያናግረኝ ቃሉን እሰማዋለሁ፤ ውስጤ ግን አይደርስም። አንቺም እንደዚያ ነሽ?"

"እንደዚያ ነኝ።"

"ሰው ሊታወር ነበር" አሉኝ። ውኃውን ከእጄ ተቀብለው ሄዱ።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ጎረቤታችን ጎኔ፣ ጉንጩ ላይ ፎጣ ይዞ ተቀምጧል። ሐኪም ጋ ልውሰድህ አልኩት፤ እሺ አለ። ከዚያ ነገርኩት። "አባቴ ጥይቱን ከፀሐይ አንሳ ብለውህ ነበር። አልነገርኩህም።"

ፎጣውን ገልጦ ደሙን አየና መልሶ ጉንጩ ላይ አደረገው።

"ፀሐይ እንደማይስማማው እኔም አውቃለሁ" አለ። "ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ።" ቀጥሎም "ቢሆንም የሚጠፋው ዓይኔ ነበር" አለ።

"ምን አለ?" አሉ አባቴ ከኋላ።

ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዓይኑ ደኅና ሆነ። ጠመንጃውን ባለሙያ ከፈተለት፤ መቀጣጠያዋ ተበስታ ተገኘች። ከወር በኋላ ሁለቱ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ያለ እኔ። አንድ ጠዋት አባቴ "ጥላ በእንግሊዝኛ ምንድነው?" አሉኝ። "ሼይድ" አልኳቸው። "ቁምስ?" "ስቶፕ።" በአማርኛ ፊደል ደብተራቸው ላይ ጻፏቸው። ሊያስከፋኝ የሚገባ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ኮታቸውን አቀበልኳቸውና ሥራ ሄድኩ።

የእናቴን ሙት ዓመት ቤት ውስጥ ስናወጣ ጎረቤታችንም መጣ። ጉንጩ ላይ ሦስት ነጠብጣቦች ቀርተዋል። አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡት። ከምግብ በኋላ፣ ሚስትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብሎ በእኔ በኩል ጠየቃቸው።

አባቴ አሰቡ። "ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር" አሉ። "ጥርሷ ቆንጆ ነበር። ለምን እንደምትሸፍነው አልጠየቅኳትም።"

ተረጎምኩለት። ድምፄ ደኅና ነበር። ከዕድራችን ሴቶች አንዷ አማርኛውን ሰምታ ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤታችን ራሱን ነቀነቀና ሳህኑን አየ፤ ባዶ ስለነበር ወጥ ልጨምርለት ተነሳሁ።