በቁም የሚደርስ እድር ፍለጋ

ረቡዕ ጠዋት ከሱሉልታ ስነሳ ጭጋጉ ሜዳውን ገና አልለቀቀም ነበር። ልምምድ የሚሮጡት ወጣቶች በአስፋልቱ ዳር ሽው ብለው አለፉኝ፤ እኔ በከዘራዬ ቀስ እያልኩ ወደ ሚኒባሱ።

የወጣሁት ለጎረቤቴ ለአዴ ብርቄ ብዬ ነው። ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ስድስት ወር አልፏታል፤ ልጅም ዘመድም የላትም። ዕድሜዋን በሙሉ በእድራችን የሰው ለቅሶ ስትደርስ ኖራለች። እድሩ ግን ድንኳኑንም ድስቱንም የሚያወጣው ሰው ሲሞት ነው። ስብሰባ ላይ "በቁሟስ ምን እናድርግላት?" ብዬ ብጠይቅ "ደንባችን ስለ ቀብር ብቻ ነው" አሉኝ። የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝና ሌላው እንዴት እንደሚያደርግ ልይ ብዬ ተነሳሁ።

ቡራዩ፣ ረፋድ ላይ

በአዲሱ ገበያና በአስኮ አድርጌ ቡራዩ ገባሁ። ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ አረጋውያንን የሚረዳ ድርጅት አለ ተብዬ ነበር። አንዲት ትሁት ሠራተኛ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

"አባባ፣ ፕሮፖዛል ይዘዋል?"

"አልያዝኩም።"

"ተረጂዎቻችሁ ስንት ናቸው?"

"አንዲት ናት፣ ልጄ።"

ሳቀች፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም። "እኛ በሳምንት አንድ ቀን ብንመጣ ነው። እናንተ ግን አጥር ለአጥር ናችሁ። ሰበታ አንድ እድር አለ፣ እሱን ይዩልኝ" ብላ ስልክ ደወለችልኝ።

ሰበታ፣ ከምሳ በኋላ

ዓለም ገና ላይ ባጃጁና ሚኒባሱ ተቆላልፎ ብዙ ቆየን። ሰበታ ስደርስ የዚያ እድር ዳኛ ኦቦ ገመቹ መንገድ ዳር ይጠብቀኛል።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ተፈራ?"

"ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን።"

ሽሮ አብልቶኝ አልጋ ላይ ወደ ዋሉ አንድ አዛውንት ቤት ወሰደኝ። ደጁ ላይ ጸሐፊው መዝገብ ገልጦ የተረኞቹን ስም ጠራ፣ ልክ እኛ ቀብር ላይ እንደምንጠራው። የቀረ ይቀጣል። ከዚያ አንዱ እንጨት ፈለጠ፣ ሴቶቹ ምግብ አሰናዱ፣ አንዱ ጎልማሳ የአዛውንቱን ገላ አጠበ።

"ለቅሶ ቤት በተራ እንቀመጥ የለ?" አለኝ ኦቦ ገመቹ። "ያንኑ ተራ ከሞት በፊት አደረግነው። ሌላ ያመጣነው ነገር የለም።"

አዛውንቱ ካልጋቸው ሆነው፣ "ወሬያቸው ግን አያልቅም" አሉኝ። "አንዱማ ትናንት 'ደግ ሰው ነበሩ' አለኝ። 'ቆይ እንጂ፣ አልሄድኩም' አልኩት።"

ስወጣ የከበደኝን ነገር ጠየቅሁ። "ሰው ሳይሞት ደጁ ላይ ስም መጥራት ሟርት ነው ያላችሁ የለም?"

"ሞልቶ። እኛ ግን የጠየቅነው የታመመውን ነው" አለ ኦቦ ገመቹ።

መኪና ውስጥ ይኸው ቃል ሲከነክነኝ መጣ። ይህን ሁሉ አገር ስዞርላት አዴ ብርቄን ራሷን አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።

ሱሉልታ

አመሻሹ ላይ ቤቴ ሳልገባ ወደ አዴ ብርቄ ሄድኩ። ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ተኝታለች። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። "ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"የምታጥበኝ ሴት ትሁን እንጂ።"

"ሴት ናት። ግን ሟርት ነው የሚሉ አይጠፉም።"

"ሟርቱስ፣ ኦቦ ተፈራ፣ ይህ በር ሳይንኳኳ መዋሉ ነው።"

እሑድ ስብሰባው ላይ ምክትሌ ያንኑ የሟርት ነገር አነሳ። ከራሴ ምንም አልጨመርኩም፤ ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው። ተራው ከሰኞ እንዲጀምር ተስማማን።

እኔ መፍትሔ ሩቅ አገር ያለ መስሎኝ ነበር የወጣሁት። ይዤ የተመለስኩት ግን ያንኑ የራሳችንን ወግ ነው፤ ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው የጎደለን።

ሰኞ ጠዋት የእድሩ ሰው ሁሉ ደጇ ላይ ተሰበሰበ። ጸሐፊያችን የተረኞቹን ብቻ መጥራት ሲገባው እንደ ቀብሩ ልማድ መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ያዘው። ሰዉ አቤት አቤት እያለ ሄደ ሄደና፣

"ብርቄ ቶላ" አለ።

ጸሐፊው ደንግጦ ሊያልፈው ሲል ከውስጥ ደከም ያለ ድምፅ ተሰማ።

"አለሁ።"

እስክሪብቶውን አነሳና ከስሟ ፊት ምልክት አደረገ።