ግማሽ ድስት ቀይ ቢራ

በእኛ መንገድ ቅዳሜ መግባቱ የሚታወቀው በአፍንጫ ነበር። ረፋዱ ላይ የዌንደል ጋራዥ በር ይከፈታል፣ የጋዝ ምድጃው ማጓራት ይጀምራል፣ ከዚያ የብቅሉ ሽታ አጥር ለአጥር እያለ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ጌሾው ይከተላል። ፈረንጆቹ ሆፕስ ይሉታል። እኔ እዚህ ሲልቨርተን ከተማ መኖር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ዛሬም ጌሾ ነው የምለው። ሥራው ያው ማምረር ነው።

ዌንደል ሆገን ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔም እዚያው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ስለኖርኩ ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሚስት አግብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከእሱ ቤት ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የቧንቧ ሠራተኛ የነበረው ዳረል ይኖራል። የእሱ ሚስት ጥላው ከሄደች ብዙ ዓመቷ ነው። የሁለቱ ነገር ከየት እንደጀመረ አላውቅም። እኔ ወደዚህ ሰፈር ስገባ አንድ ትልቅ ድስት ከበው ሲጨቃጨቁ ነው ያገኘኋቸው።

የሚጠምቁት አንድ ዓይነት ቢራ ብቻ ነው፤ ቀይ ቢራ፣ ጌሾ የበዛበት። የጭቅጭቁም ምንጭ ይኸው «የበዛበት» የሚለው ነገር ነበር። ዌንደል ገና ይጨመር ባይ ነው። ዳረል ደግሞ ቀለሙና የብቅሉ ጣዕም ካልቀደመ ቢራ አይደለም ባይ።

«ይሄ ቢራ ነው ወይስ የጥድ ዛፍ?» ይላል ዳረል ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ።

«አንተ ምን ታውቃለህ? ምላስህ የለመደው የቧንቧ ዝገት ነው።»

«ዝገቱ ይሻላል። እሱ እንኳ ቀይ ነው።»

በሚቀጥለው ጠመቃ የተቆላው ገብስ በጭብጥ ይጨመራል፣ ወይም ጌሾው ዘግይቶ ይገባና ከምሬቱ ሽታው እንዲበዛ ይደረጋል። እንደገና ይቀመሳል፣ እንደገና ይሰዳደባሉ። ያ ቢራ ከዓመት ዓመት እየጣፈጠ የሄደው ሁለቱ ተስማምተው ስለማያውቁ ነው ብዬ አምናለሁ። የሥራ ክፍፍላቸው ግን አያጣላቸውም ነበር። ጌሾው የዌንደል ነው፣ ውሃውና እሳቱ የዳረል። የብቅሉ አተላ ደግሞ የእኔ ዶሮዎች ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ባልዲዬን ይዤ እዚያ የማልጠፋው ለዚህ ነበር።

ባለፈው የገና ሰሞን ዳረል ጋራዡ በር ላይ መጥቶ ቆመ፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ዌንደል፣ እኔ በቃኝ» አለ። «አንተን ማለቴ አይደለም። መጠጡን። ጠዋት ጠዋት እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።»

«ጥሩ አደረግህ» አለ ዌንደል፤ ሄዶም እጁን ጨበጠው። ይኸው ነው፣ አለቀ። ከዚህ በላይ ቢነጋገሩ ሰማይ የሚደፋባቸው ይመስላቸዋል መሰለኝ። እኔ ባልዲዬን ይዤ መሀላቸው ቆሜ ሁለቱንም በጥፊ ማለት አምሮኝ ነበር።

እዚህ አገር ሰው ያለ ጉዳይ የሰው በር አያንኳኳም። መሰላል ልትዋስ ትሄዳለህ፣ መሰላል ልትመልስ ትሄዳለህ፣ የሣር ማጨጃው አልነሳ አለኝ ብለህ ትሄዳለህ። «ናፈቅኸኝ» ብሎ መሄድ የሚባል ነገር የለም፤ ያደረገው ቢኖር አምቡላንስ ይጠሩለታል። የሁለቱ ጉዳይ ቢራው ነበር። ቢራው ከመሀል ሲወጣ መንገዱን የሚያሻግር ነገር ጠፋ። ፖስታ ሊያወጡ ሲገናኙ ከወዲህና ከወዲያ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ቃል ይጣላል፣ ከዚያ በሮቹ ይዘጋሉ።

ዌንደል ብቻውን መጥመቁን ቀጠለ። ምን ያድርግ? ሌላ ምን አለው? ችግሩ ያ ድስት ለሁለት ጠጪና ለእንግዳ የተለካ መሆኑ ነው። ጌሾ የበዛበት ቢራ ደግሞ ጠብቁኝ አይልም፤ ሽታው ቶሎ ይሄድና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። በየጎረቤቱ ደጃፍ ጠርሙስ መደርደር ጀመረ። አንዳንዱ ወሰደ፣ አንዳንዱ ጠርሙሱን እንደቆመ ተወው። የካቲት አካባቢ አንድ ቀን፣ ካርቶን ሙሉ ቢራ በጓሮ በኩል ሲደፋ አየሁት። ከፊት ለፊት ያልደፋው ዳረል እንዳያየው ብሎ ነው። ማየቴን ሳላሳውቀው ገባሁ።

«ግማሽ ላደርገው ነው» አለኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ። «ለአንድ ሰው ልክ።» ይህን ሲል ፊቱን ወደ ድስቱ አዙሮ ነበር።

ሁሉንም ገመሰ፤ ብቅሉንም፣ ጌሾውንም፣ የተቆላውን ገብስም፣ ውሃውንም። ከሳምንታት በኋላ ጠርሙስ ይዞ መጣና አፌን እያየ ቆመ።

«እንዴት ነው?»

«ኮሶ ነው።»

«ኮሶ ምንድን ነው?»

«እኛ አገር የሆድ ትል የሚያስወጡበት መድኃኒት።»

«እንዲያ ነው?» አለ። አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር።

በሁለተኛው ጌሾውን ቀነሰ፤ ከረሜላ የሟሟበት ይመስል ምላስ ላይ የሚለጠፍ ነገር ሆነ። በሦስተኛው የተቆላውን ገብስ ቀነሰ፤ ቀለሙ የሻይ ሆነ፣ ክብደቱ ግን አልለቀቀውም። ጌሾውን የሸጠለትን ገበሬ ረገመ። እርሾውን ረገመ። የጠርሙሱም ቁጥር አልገባው አለ።

«ግማሽ አድርጌው ከግማሽ በታች ነው የሚወጣው» አለኝ። «የት ይሄዳል?»

«ጠጥተኸው ይሆናል።»

«አስኒ፣ የምሬን ነው። እንደሚተን አውቃለሁ። ግን ድሮም ይተናል፤ ግማሽ ሲሆን ግማሽ ነው መተን ያለበት።»

«ውሃው የዳረል ሥራ አልነበር? ለምን እሱን አትጠይቀውም?»

«ቢራ የተወን ሰው ስለ ቢራ ልጠይቅ?»

«ስለ ውሃ ጠይቀው። ውሃ አልተወም።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ከገና ወዲህ ፊቱ እንዲያ ሲበራ አላየሁም ነበር። ጉዳይ አገኘ! የዚያን ቅዳሜ ውሃውን ጥዶ፣ ብቅሉን ከትቶ፣ የታጠበ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ መንገዱን ተሻገረ። አንኳኳ፣ ቆመ፣ ደግሞ አንኳኳ። ዳረል የለም። በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄደ፣ የለም።

«ይሸሸኛል» አለኝ። ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ነበር። «ድስቴን መጣዴን ሲያይ ፒክአፑን አስነስቶ ይሄዳል። የማይፈልገኝን ሰው በግድ ልያዘው እንዴ?»

«ምናልባት ጉዳይ ኖሮት ይሆናል።»

«በየቅዳሜው?»

እውነቱን ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። የብቅሉ ሽታ መውጣት ሲጀምር ዳረል ቁልፉን ይዞ ይወጣል፣ የዌንደልን ቤት ሳያይ ሞተሩን ያስነሳል፣ ማታ ነው የሚመለሰው። ንዴቴ ተነሳ። ይህ ሁሉ ዓመት አብሮ በልቶ፣ አብሮ ጠጥቶ፣ ቢራ ስለተወ ሰውዬውን እንደ ቡችላ ጥሎት ይሄዳል? ፒክአፑን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የውሃ ግድብ አጠገብ ቆሞ ያየሁበት ቀን ትዝ አለኝ። በቀጣዩ ቅዳሜ ዌንደል ምድጃውን ሲለኩስ እኔ መኪናዬን አስነሳሁ።

እዚያው ነበር። ወደ ውሃው ዞሮ፣ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ፣ ፔርሙሱን ጭኑ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። መስኮቱን ቆረቆርኩት፤ አወረደው።

«ዓሣ ልታጠምድ ነው?» አልኩት።

«መንጠቆውን ረሳሁት።»

«በየቅዳሜው ነው የምትረሳው?»

«ሰላይ ሆነሻል፣ አስኒ።»

«ዌንደል ሁለት ጊዜ በርህን አንኳኳ። አንተ እንደ ሌባ ትሸሻለህ። ምን በደለህ?»

«ዌንደል?» አለና ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፣ ግን ጠጥቶ አልነበረም። «ዌንደል ምንም አልበደለኝም። ሽታው ነው። ብቅሉ መፍላት ሲጀምር መስኮቱን እዘጋለሁ፣ በበሩ ሥር ይገባል። ፎጣ አደርግበታለሁ፣ ይገባል። ከዚያ እግሬ ራሱ ተነስቶ ወደ እሱ መሄድ ይፈልጋል። አንድ ቅዳሜ እመንገዱ መሀል ደርሼ ነው የተመለስኩት። ስለዚህ እዚህ መጥቼ እቀመጣለሁ።»

«ለምን አትነግረውም?»

«ልንገረውና ይተወው? ያ ሰውዬ ከድስቱ በቀር ምን አለው? እንዳትነግሪው።»

የያዝኩት ንዴት መግቢያ አጣ። አፈርኩ መሰለኝ፣ ነገር ቀየርኩ፤ ዌንደል ጠመቃውን ገምሶ ኮሶ እያወጣ መሆኑን ነገርኩት። ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት፤ እስኪያስለው ሳቀ።

«ውሃውንም ገመሰው? ይሄ ሹፌር! ድስቱ መች ተገመሰ? የሚተነው በድስቱ አፍ ስፋት ልክ ነው። ድስቱ ሙሉም ይሁን ግማሽ፣ በአንድ ሰዓት የሚሄደው ውሃ ያው ነው። ግማሽ ሲያደርገው ያንኑ ያህል ሄዶበት የቀረው ይወፍራል። ብቅሉን ይገምስ፣ ጌሾውን ይገምስ፤ ውሃው ላይ ግን የሚተነውን ሙሉውን አስቦ ይጨምርበት። በይ፣ ከራስሽ እንዳመጣሽው አድርገሽ ንገሪው።»

እየነዳሁ ስመለስ የውሃውን ነገር ብቻ እናገራለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ጋራዡ ስደርስ ድስቱ ሊገነፍል ምንም አልቀረውም፤ ዌንደል ጌሾውን በሳህን ይዞ ቆሟል። የዳረልን ቃል እንደ ትምህርት ቤት ልጅ በቃሌ ደገምኩት፤ የድስቱ አፍ፣ ትነቱ፣ ጭማሪው ውሃ።

ዌንደል ሰምቶ ሲጨርስ ሳህኑን አስቀመጠ።

«ይሄ የዳረል አነጋገር ነው። የት አገኘሽው?»

ሆዴ ምስጢር ቋጥሮ አያውቅም፤ ነገርኩት። የግድቡን፣ የተዘጋውን መስኮት፣ በበሩ ሥር ያለውን ፎጣ፣ መንገድ መሀል የተመለሰበትን ቅዳሜ፣ ሁሉንም። ዌንደል አላቋረጠኝም። ሳበቃ ጎንበስ አለና ጋዙን ዘጋው። ምድጃው ጸጥ አለ። ቀጥሎ የጋራዡን በር እስከ መሬት ድረስ ጎትቶ ዘጋው፤ ሽታው እንዳይወጣ መሆኑ ነው። ጨለማው ውስጥ ከሚጨሰው ድስት ጋር ሦስት ሆነን ቆምን።

«ፎጣ» አለ ዌንደል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እጄን ጀርባው ላይ አደረግሁ። አልገፋኝም፤ ያ ለእሱ ብዙ ነው።

ከድስቱ የወጣው ብቅል ለዶሮዎቼ ሆነ። ጣፋጩ የብቅል ውሃ ጓሮ ተደፋ። ያልተፈጨውን ብቅል ራሱ በኬሻ ተሸክሞ አመጣልኝ። የተስተካከለው የጠመቃ ልክ ይኸው እኔ ጋ አለ፤ እስካሁን የጠመቀበት ሰው የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መስኮቴ ላይ ነበርኩ፤ አልዋሽም፣ ወንበር ስቤ ነው የተቀመጥኩት። በተለመደው ሰዓት ዳረል ቁልፉን ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ አየሩን አሸተተ። ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ አሸተተ። ከዚያ በቤቱ ጎን ዞሮ ጠፋ። ሲመለስ መሰላል ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ። እኔም ባልዲዬን አንስቼ ወደ ዌንደል ጋራዥ ሄድኩ። አተላ እንደሌለ እያወቅሁ ነው።

«መሰላልህን ልመልስ መጥቼ ነው» አለ ዳረል።

የዌንደል መሰላል ከጀርባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ዳረል እያየው ነው፣ እኔም እያየሁት ነው። ዌንደል ዞሮ አላየም።

«ስፈልገው ነበር» ብሎ ተቀበለው፤ ከራሱ መሰላል አጠገብ ሰቀለው።

ከዚያ ቆሙ። ድስቱ ተደፍቶ ሥራ ፈት ሆኗል፣ እጃቸው የሚይዘው ብርጭቆ የለም፤ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። እንዲህ ብቸኛ የሆኑ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው አይቼ አላውቅም።

«ዛሬ ሽታ የለም» አለ ዳረል በመጨረሻ።

«ጋዝ አለቀብኝ።»

ዳረል ሲሊንደሩን በጫማው ጫፍ መታ አደረገው። ሙሉ መሆኑን ድምፁ ለእኔ እንኳ ተናገረ። ዳረል እግሩን ሰበሰበና ረዘም ላለ ጊዜ መሬት መሬት አየ።

«አዎ፣ አልቋል» አለ።

ሊሄድ ዞሮ የጋራዡ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ያን መሰላል… ለቅዳሜ ታውሰኛለህ?»

«ምን ልትሠራበት?»

«እንጃ» አለ ዳረል። «እስከ ቅዳሜ አስብበታለሁ።»