ድንጋዩ እስኪመለስ

ልጅ ሳለሁ አንኮበር ላይ፣ የምድጃው ጭስ ቀለል ብሎ ፍሙ አመድ ሊለብስ ሲል፣ አያቴ እንቆቅልሽ ይጠይቁን ነበር። መልሱ የጠፋው ልጅ አገር ይሰጣል፤ ወጉ ነው። ያኔ አንድ ምሽት ጨንቆኝ አንኮበርን ሰጠኋቸውና፣ ሲነጋ ከቤታችሁ ውጡ የምንባል መስሎኝ ኩራዙ ሥር ተሸጉጬ አለቀስኩ። ስቀው ይመልሱልኛል ስል «አገርሽን ከፈለግሽ ነገ አስበሽ ነይ» አሉኝ። እንግዲህ እኔ ቀለም አልቆጠርኩም፤ ለልጄ ለየሺ ያወረስኳት ይህንኑ ጨዋታ ነው።

የሺ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ጎረቤላ ጀመረች፣ መዘዞ አስተማረች፣ አሁን ደብረ ብርሃን ናት። ዕቃ ጎደለ ብላ አታውቅም፤ በገመድ፣ በጣሳ፣ በፊኛ ታስተምራለች፤ መልሱን የሳተ ተማሪም አገር ይሰጣታል። አሊዩ አምባን ስንቴ እንደተረከበች እሷው ታውቃለች።

አምና ተሸለመችና ትምህርት ቤቱ እኔንም ጠራኝ። እንግዶቹ ስታስተምር እንይ ቢሉ፣ ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለ ትልቅ ድንጋይ ስባ አገጯ ላይ አስጠጋች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ስለቀው ሄዶ ሲመለስ ይመታኛል ወይስ አይመታኝም ብላ ጠየቀች። አንዷ ልጅ «ቲቸር፣ ጥርስዎን ይሰናበቱ» ብላ ክፍሉን አሳቀችው።

እኔ ግን ልነሳ ስል አጠገቤ ያለችው ተማሪ ያዘችኝ፤ ቲቸር ንቅንቅ ሳይሉ ከቆሙ አይነካቸውም፣ ወደፊት ብቅ ካሉ ነው ጉዱ፣ ዝም ይበሉ እማማ ብላ ለመነችኝ። የሺ ለቀቀችው። ድንጋዩ ሄደ፣ ማዶ ደርሶ ቆም አለ፣ ተመለሰ። የእናት ነገር፣ ስሟ አፌ ላይ መጣ። ነጠላዬን ነከስኩ። ድንጋዩ አገጯ ሥር ደረሰ፣ ሊነካት ምንም አልቀረውም፣ ከዚያ ወደ መጣበት ዞረ።

ጭብጨባው ሲበርድ እየሳቀች መጣች። «እማዬ፣ ይመታታል ብለሽ ነበር አይደል? በይ አገር ስጪኝ።»

ብጠራሽስ ኖሮ አልኳት። ሳቋ ቀነሰ።

«አንቺ ጠርተሽኝማ» አለች፣ «አቤት ብዬ ወደ አንቺ ነበር የምመጣው።»

የአያቴን እንቆቅልሽ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህ መልሷ ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ ያድራል። አሁን አሁን ስሟን ከመጥራቴ በፊት፣ ከምን ፊት እንደቆመች ቀድሜ አያለሁ።