ጋዜጣ የሚናገርበት አግዳሚ

ሥራውን የጀመርኩት በስኳር ነው። ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ሱቅ ተቀጥሬ በመጀመሪያው ቀን የታዘዝኩት አሮጌ ጋዜጣ እየቀደድኩ ስኳርና ጨው እንድቋጥር ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሹፌር ባዶውን ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ስኳሩ ጎደለ ሊለኝ ነው ብዬ ሚዛኑን አቀረብኩለት። እሱ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና «ወደ ገጽ ሰባት ዞሯል ይላል። ገጽ ሰባት የታለ?» አለኝ።

ገጽ ሰባት ጨው ተቋጥሮበት ጨፋ ሮቢት ሄዷል።

ያን ጊዜ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ጋዜጣው በየዓይነቱ ይወጣ ነበር። የኛ አገር ሰው አያነብም ሲሉ እሰማለሁ። ሐሰት ነው። ሰዉ የተቋጠረለትን ያነብ ነበር። የጎደለው ቀሪው ገጽ ነው።

የሱቁን ባለቤት፣ ሐጂን፣ በግድግዳው ጥግ አግዳሚ አስቀምጬ ጋዜጣ ላከራይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ወሬ በነጻ በሞላበት አገር ማን ይከራያል?» ብለው ሳቁ። አግዳሚውን ግን አልከለከሉኝም። ወር ሳይሞላ ራሳቸው መነጽራቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁ ጀመር።

በዚህ ሥራ ማዕረግ አለ። አከፋፋዩ አዲስ አበባ ነው። ጥቅሉን ለደሴ አውቶቡስ ረዳት ይሰጠዋል፤ ረዳቱ ከሚሴ ላይ ያወርደዋል። አዟሪ ሸጦ ይሄዳል። ከሁሉ በታች የሚቆጠረው አከራይ ነው። ነገር ግን አዟሪ የሚያውቀው ገዢን ነው፤ አንባቢን የሚያውቀው ተቀምጦ የሚያየው አከራዩ ነው።

ጋዜጣው እንደደረሰ በወስፌ በስቼ ጀርባውን በክር እሰፋዋለሁ፤ ካልተሰፋ ስፖርቱ መጀመሪያ ይጠፋል። ልብ ወለድ መጽሐፍ ከመጣ በሲሚንቶ ወረቀት እለብደዋለሁ። ሲመለስ ተከራዩ ፊት ገጹን እገልጣለሁ። ሥጋ ሻጩን እጁን ሳይታጠብ አላስነካውም ነበር። ጫት በሚቃምበት በርጫ ቤት ያደረ መጽሐፍ አረንጓዴ ጣት ታትሞበት ይመለሳል፤ የማን ጣት እንደሆነ ስለማውቅ ባለቤቱን አስጠርቼ አስጠርገዋለሁ።

ሕጌ አንድ ነው፤ ተራ። ኃላፊም ሆነ ሊስትሮ፣ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያነባል። አንድ መቶ አለቃ «ቸኩያለሁ» ቢለኝ፣ የቸኮለ ሰው ጋዜጣ አያነብም ብዬ አስቀመጥኩት።

በገበያ ቀን ከጨፋ ሸለቆ ገበሬዎች ይመጣሉ። እነሱ ጋዜጣውን አይቀበሉኝም። ሰላምታ ይሰጡና ይቀመጡና «ሃርሜ፣ ዱቢሲ» ይሉኛል፤ እናቴ፣ አንብቢ። በኦሮምኛ ዱቢሱ ማንበብ ማለትም ነው፣ ሰውን ማናገር ማለትም ነው። እኔ በአማርኛ አነባለሁ፤ ኡመር የሚባል ማሽላ ገበሬ እያንዳንዱን መስመር በኦሮምኛ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን አዲስ የመጣ መምህር፣ ንባብ በዝምታ ነው እንጂ እንዲህ አይደለም ብሎ ተቆጣ። ኡመር ሰምቶት «ዝም ካለማ አልተነበበም» አለ። ሁለቱም መብት አላቸው አልኩና አግዳሚውን ከፈልኩት፤ ዝምተኞቹ በግድግዳው በኩል፣ ተናጋሪዎቹ በመንገዱ በኩል።

ኡመር ወሬ ይወዳል፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ግን «ጋዜጣው ሥራ ይዟል?» ብሎ ነበር። ልጁ ዘሐራ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። ሽማግሌ ተልኮባታል። እስከ መኸር ሥራ ካገኘች ትሠራለች፣ ካላገኘች ትዳራለች ተብሎ በቤቱ ተቆርጧል። ልጅቷ ማግባት አልፈለገችም። አባትየውም አልፈለገም፤ እናትየውን የሚመልስበት ቃል ግን አጥቶ ነበር።

ከዚያ በአንዱ የገበያ ቀን አቶ ሙሄ አውቶቡሱን ቀድሞኝ ጠበቀ። የአንድ መሥሪያ ቤት የአስተዳደር ኃላፊ ነው። ጥቅሉ ሲወርድ፣ ያለውን ቅጂ ሁሉ እገዛለሁ አለኝ። ሰው ለምን አንድ ዓይነት ጋዜጣ ደርቦ ይገዛል ብዬ ገለጥኩት። የሱ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ወጥቶበታል፤ ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ይፈለጋሉ። ሥራ የፈታ የእኅት ልጅ እንዳለው ከተማው ሁሉ ያውቃል።

መግዛት መብትዎ ነው፣ አልከለክልም፤ ግን በገበያ ቀን እዚህ ጋዜጣ የሚሸጠው ከተነበበ በኋላ ነው አልኩት።

«እኔ ጋዜጣ ልገዛ እንጂ ስብሰባ ልቀመጥ አልመጣሁም።»

«እንግዲያው ይቁሙ» አልኩት። አግዳሚው ሳቀ።

ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ፊደል በፊደል ነው የምሄደው፤ ማስታወቂያ ደግሞ ረጅም ቃል ይወዳል። አቶ ሙሄ ትዕግሥቱ አለቀና እኔ ላንብብላቸው አለ። ተራዬ ነው አልኩት። እኔ አነባለሁ፣ ኡመር ይመልሳል። «አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀ» ብዬ፣ ቀጥሎ ካለችው ሰረዝ ጀርባ ያለችውን ፊደል «ች» ብዬ ጠራሁ።

ኡመር መመለሱን አቆመ። ች ምንድን ናት አለኝ።

«ያቺ ለወግ የምትጻፍ ናት፤ እለፊያት» አለ አቶ ሙሄ።

ጋዜጣውን አዙሬ ለኡመር በጣቴ አሳየሁት። «ያጠናቀቀ ይልና ያጠናቀቀች ይላል። ይቺ ች ሴት ናት፤ ያንተም ልጅ ናት።»

ኡመር የቀረውን እንኳ አልሰማም። ያመጣትን ፍየል ለጎረቤቱ አስይዞ በመጣበት እግሩ ተመለሰ። እኔ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንብቤ ጨረስኩና ቅጂዎቹን በሙሉ ለአቶ ሙሄ አስረከብኩት። አጣጥፎ በብብቱ ያዛቸው። አግዳሚው ላይ የነበሩት ግን ወሬውን ይዘው ገበያው ውስጥ ገብተው ነበር።

ተመዝጋቢው ስለበዛ ፈተናው በትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ከጨፋ ሮቢት ብቻ ስንቱ መጣ። ዘሐራ ሁለተኛ ወጥታ ተቀጠረች። አንደኛ የወጣው የአቶ ሙሄ የእኅት ልጅ ነው። ሐሜት እንዳይኖር ውጤቱን እኔው ራሴ ሰሌዳው ድረስ ሄጄ አየሁት፤ የፈተኑትንም ጠየቅኩ። ልጁ በሐቁ ጎበዝ ነበር።

አቶ ሙሄ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጥቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። ስለ ልጁ እንኳን ደስ ያለዎት አልኩት።

«እንዲህ የሚችል አልመሰለኝም ነበር» አለ ዝቅ ብሎ።

«ደብቀው ቢያስገቡት ኖሮ እርስዎም አያውቁ፣ እሱም አያውቅ» አልኩት። ጋዜጣ ስጪኝ አለ፤ ከፊቱ ሁለት ሰው ስለነበረ ጠበቀ።

ኋላ የዞኑ ትምህርት ቤቶች ልጆች ኦሮምኛን ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል እያነበቡ መጡ። ሽማግሌው ፊደሉን አያውቅም፣ ቃሉን ያውቃል፤ ልጁ ፊደሉን ያውቃል፣ አንዳንዱን ቃል ከሽማግሌው ይጠይቃል። በመንገዱ በኩል ያለው ወገን እየበዛ ስለሄደ አግዳሚ ጨመርኩ። ከዚያ ስልኩ መጣ፤ እያንዳንዱ መዳፉን ማየት ጀመረ፤ እኔም ዓይኔ ደከመና ሥራውን ለቀቅኩ።

ጋዜጣን በሙሉ የሚገዛ ሰው አይጠፋም። የተሰማን ነገር መልሶ የሚገዛ ግን የለም። በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከዚያ ሽጡት።