የወላጅ ፊርማ

የምንከባከባቸውን ጣሊያናዊት አሮጊት ሲኞራ ምሳ አብልቼ ስወጣ፣ አስራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ሳሮን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለ ባር ውስጥ ወረቀት ይዛ ጠበቀችኝ።

«ማሚ፣ ፈርሚልኝ» አለችኝ ገና ሳልቀመጥ። «መጀመሪያ ከብዙዎቹ አማርጣለሁ ብዬ ነበር። አሁን ሀሳቤን ቀየርኩ፤ አንዱን ብቻ መረጥኩ። እሺ ካሉኝ ሌላ ጋ መሄድ አልችልም። ቃል መግባት አለብኝ፤ የወላጅ ፊርማም ያስፈልጋል።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ምን አስቸኮለሽ ልጄ? ቤተሰቦቹን እንኳ ሳላውቃቸው?»

«የማንን ቤተሰቦች?»

«የልጁን ነዋ! ለመሆኑ ክርስትና ተነስቷል?»

ሳሮን አፍጥጣ አየችኝና በሳቅ ፈረሰች። «ማሚ፣ ዩኒቨርሲቲ እኮ ነው! በመደበኛው ያስገባሁትን ማመልከቻ ወደ ቅድሚያው ቀየርኩት። ቶሎ መልስ ይሰጡኛል፤ ከተቀበሉኝ ግን የግድ እነሱ ጋ ነው የምገባው።»

እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። ባል አለመሆኑ ብቻ በቃኝ። ተመስገን ብዬ ፈረምኩላት።

«አሎራ፣ እንግዲህ በየትኛው ሜትሮ ባቡር ልትመላለሺ ነው?» አልኳት።

ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ሜትሮ አይደርስም፣ ማሚ። አሜሪካ ነው።»