ሲስተር ኤልሳ ያልቆረጠችው ማተብ

የአዮዲን ሽታ ሲሸተኝ እጄ ሳላስበው ወደ አንገቴ ይሄዳል። ልጅ እያለሁ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ ሚሲዮናውያን የሆኑ ፈረንጅ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ባልየው ወደ ዱርቤቴ ወርዶ የገጠር የውኃ ፓምፕ ሲጠግን ይሰነብትና ቅዳሜ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ይመለሳል። ሚስቱ ሲስተር ኤልሳ ነርስ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ግቢዋ ካለው ማንጎ ሥር የሰፈሩን ቁስል በነጻ ታጥባለች። እሑድ ደግሞ ወንጌል ያስተምራሉ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን ቁስሉን አሳጥቦ ትምህርቱን እዚያው ትቶላቸው ይመጣል።

ከሁሉ የምታመሰግናት ጎረቤታችን እትየ ውዴ ነበረች። ከሐይቁ ዳር ዓሣ እየገዛች በየቤቱ እያዞረች ትሸጣለች። እግሯ ላይ ዓመታት ያስቆጠረ ቁስል ነበረባት። ሲስተር ኤልሳ አንድ ቀን እየዘለለች ስታጥብላት ከርማ ቁስሉ መጥበብ ጀመረ። «እሰይ፣ ሥጋ እየሞላልኝ ነው!» እያለች ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እግሯን ታሳይ ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ ማጅራቴ ላይ እባጭ ወጣብኝና እናቴ ወደ ማንጎው ሥር ብቻዬን ላከችኝ። የማተቤ ክር እባጩ ላይ እየተፋተገ ያስለቅሰኛል። ሲስተር ኤልሳን ቁረጭልኝ ብዬ ለመንኋት። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«እናትሽ ሳትፈቅድ አልነካውም» አለችኝ።

ክሩን ወደ ላይ ስባ፣ በፋሻ ጠቅልላ ከሹሩባዬ ጋር አሰረችልኝ። ቤት እስክደርስ ተንሸራቶ ወረደ። ሕመሙ ሲብስብኝ በአባቴ ምላጭ ራሴ ቆረጥሁት።

እናቴ ባዶ አንገቴን ስታይ ክርስትናዬ የተፋቀ ያህል ደነገጠች። «ማን ነው የበጠሰው? ተናገሪ!» ብላ ትከሻዬን ስትይዘኝ፣ ዱላው ታየኝና «ሲስተር ኤልሳ» አልሁ። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወጥታ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። በማግስቱ ከማንጎው ሥር አንድም ሰው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ኤልሳ ደጃችን መጣች። አልተቆጣችም። በእናቴ ፊት ጎንበስ ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «ማተቡን ማን ቆረጠው? አንቺ ንገሪያት» አለችኝ። ጠበቀችኝ። ብዙ ጠበቀችኝ። እኔ ፊቴን በእናቴ ቀሚስ ሸፈንሁ። ቀና ብዬ ሳይ ሄዳለች።

እትየ ውዴ ከዚያ ወዲያ እግሯን ማሳጠብ ተወች። «የልጄን ማተብ የቆረጠ እጅ አይነካኝም!» አለች። ለእኔ ብላ ነው። ቁስሉ እንደገና አመረቀዘ፤ ከወራት በኋላ ሆስፒታል ስትገባ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ዓሣ ማዞሯ ቀርቶ ደጇ ላይ መዋል ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ነይ የእኔ ልጅ» ብላ ጠርታ የቆላችውን ሽምብራ ታዘግነኛለች። ሳልበላው ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ። ሳልነግራት ሞተች።

ባልና ሚስቱም ሰው ሲርቃቸው ዕቃቸውን ጭነው ሄዱ። የት እንደገቡ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ዛሬ በዚያ ሰፈር ክሊኒክ በየመንገዱ ነው፤ የሚያክመው ሰው ሃይማኖት ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም። ባለፈው ዓመት እናቴ ያችን የማተብ ታሪክ ለልጄ ስታወራላት ሰማሁና አላስችል አለኝ። ራሴ ነኝ የቆረጥሁት ብዬ ነገርኋት። አሮጊቷ እናቴ አልደነገጠችም።

«ሲስተሯ ደጃችን የቆመች ለታ ፊትሽን አይቸ አውቄዋለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ታዲያ ምን ላርግ? አገር ከሰማው በኋላ ልጄ ዋሽታ ነው ልበል?»

ልቆጣት ነበር፤ በምን አፌ? ሰው ሲጠይቀኝ ያኔ ልጅ ነበርሁ እላለሁ። እትየ ውዴ ግን አንድ እግሯን ይዛ ብዙ ዘመን ኖራለች። እኔ ያን ሁሉ ዘመን ልጅ አልነበርሁም።