ለግሬድ የተላከ ሽማግሌ

ልጄ ኤፍ ማግኘቷን የነገረችኝ ኤረር በር ገበያ ላይ ማንጎ እየደረደርኩ ሳለ ነው። ከታክሲ ወርዳ ቀጥታ ወደ እኔ መጣች፣ ቦርሳዋን መሬት ላይ ጣለችና ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ደንበኛ ቆሞ ስለነበር መጀመሪያ እሱን ሸኘሁ። ዞር ብዬ ፊቷን ሳየው ሰው የሞተ ነው የመሰለኝ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅኩም። ኤፍ መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ፤ ያን ያህል መጥፎ መሆኑን ነው ያላወቅኩት። ኮርሱ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው አለችኝ። ኤፉ ካልተነሳ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ያንን ትምህርት ለመድገም ብላ ዓመት ሙሉ ቤት ትቀመጣለች። አባቷ ወታደር ነበር፤ እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው ያረፈው። እኔ እዚያ በር ላይ አቧራውንና ፀሐዩን ችዬ የኖርኩት ያችን የምረቃ ቀን እያሰብኩ ነው።

«እኔ አልወደቅኩም» አለች። «ቦታ ስላልበቃኝ ትልቁን ጥያቄ በወረቀቱ ጀርባ ነው የሠራሁት። መምህሩ ጀርባውን አልገለጠውም። የጎደለብኝ ማርክ የዚያ ጥያቄ ማርክ ነው።»

ከዚያ ሕጉን አስረዳችኝ። ተማሪው ለዲፓርትመንቱ የቅሬታ ማመልከቻ ያስገባል፤ ዲፓርትመንቱ የፈተናውን ወረቀት ከመምህሩ ያስመጣል፤ ሌሎች ሁለት መምህራን እንደገና ያርሙታል። ቅሬታ የሚቀበሉት ግን እስከ ዓርብ ነው። ነገ ጠዋት አስገባለሁ አለች።

እኔን ያንቀጠቀጠኝ ይሄ ነው። ማመልከቻ ማለት ለእኔ ክስ ነው። ያው መምህር በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ኮርስ ያስተምራታል። የከሰሰችው ሰው ፊት ቁጭ ብላ ልትማር? ቂም ቢይዝብሽስ አልኳት። ይያዝ አለች። የልጅ ድፍረት ነው ብዬ አለፍኩት። መጀመሪያ በሰው እናናግረው፣ እምቢ ካለ ታስገቢያለሽ ብዬ ለመንኳት። እያጉረመረመች እሺ አለች።

የምንኖርበት ግቢ ባለቤት ሐረሪ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «አባ» ነው የሚላቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ በአጥር የተካሰሰ ጎረቤት፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ሁሉም እሳቸው ጋ ይመጣል። ችግሬን ስነግራቸው ጠቡ ከማን ጋር እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። ከመምህሯ ጋር ነው አልኳቸው። ኤፍ ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እኔም ስለ ወረቀቱ ጀርባ አላነሳሁም። ኢንሻአላህ ነገ እንጨርሰዋለን አሉኝ።

መምህሩ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ከሥራ ሲወጣ ፈረስ መጋላ አደባባይ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ እንደሚቀመጥ ሰምተን እዚያው ሄድንበት። አባ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከዘራቸውን ይዘው ነበር። መምህሩ ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ፣ ወንበር ሳበልን፣ ሻይ አዘዘልን። ባለጌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አባ ሻዩን ሳይነኩት ቆሙ፤ እኔንም በዓይናቸው አስነሱኝ።

«መምህር፣ ልጃችን አጥፍታለች። ልጅ ናት። እኛ ይቅርታ ልንልዎ መጥተናል። ስለ አላህ ብለው ይቅር ይበሏት።»

መምህሩ ደነገጠ። ምን እንዳጠፋች ጠየቀ። አባ ወደ እኔ አዩ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ። «እሱን እርስዎ ያውቁታል» አሉት። ከኋላችን የተቀመጡ ጎረምሶች፣ ዘንድሮ ሽማግሌ የሚልከው የሴቷ ቤት ሆነ እንዴ ብለው ሲሳሳቁ ሰማሁ። መምህሩ እኔ ማንንም አልተቀየምኩም፣ እናቴ ይቀመጡ አለኝ። ነገሩን አየዋለሁም አለ። ወደ ቤት ስንመለስ አባ «አልቋል» አሉኝ።

በእኛ ዘንድ ሽምግልና እንዲህ ነው የሚጀመረው። አጠፋም አላጠፋም ታናሹ ቀድሞ ይቅርታ ይባልለታል። ማን እንዳጠፋ የሚጣራው ልብ ከበረደ በኋላ ነው፤ ጭራሽ የማይጣራበትም ጊዜ አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ሐሙስ ደረሰ፣ ኤፉ ኤፍ ነው። ልጄ ዓርብ ሊዘጋ ሲል ሮጣ ማመልከቻዋን አስገባች። በሳምንቱ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ አስጠራት። መምህሩ መልስ ጽፏል፦ ተማሪዋ በቤተሰቦቿ በኩል ጥፋቷን አምና ይቅርታ ጠይቃለች፣ ስለዚህ እንደገና የሚታይ ነገር የለም። ኃላፊው ምን አጥፍተሽ ነው አላት። ኮርጀሽ ነበር?

ማታ ቤት ስትገባ ትጮህብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ፣

«እማ፣ ምን ሰርቄ ነው ይቅርታ የጠየቅሽልኝ?» አለችኝ።

እራቷን ላቀርብ ተነሳሁ።

በማግስቱ ማንጎዬን ለጎረቤት ሻጭ አደራ ብዬ ዩኒቨርሲቲው ሄድኩ። ዘበኛው ለማን ነው የመጣሽው አለኝ፤ ለኤፍ ነው አልኩት። ሳቀብኝና አስገባኝ። ጸሐፊዋስ አልሳቀችም፤ ማዘር፣ ይሄ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኤለመንተሪ አይደለም፣ ወላጅ አያገባውም አለችኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን ስሄድ መስክ ወጥተዋል። ሌላ ቀን በሩ ክፍት ነው፣ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ጸሐፊዋ ግን የሉም ትለኛለች። ወላጅ አያገባውም ይሉኛል፤ በወላጅ በኩል የተጠየቀው ይቅርታ ግን ማስረጃ ሆኖ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ይህን የምነግረው ሰው አጥቼ በታክሲው መስኮት እያየሁ ለራሴ እየለፈለፍኩ ነው የምመለሰው።

በመጨረሻ ልጄ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አግኝታ ያዘችው። ይቅርታውን የጠየቀው ሰው ራሱ መጥቶ ያስረዳ አላት።

አባን ለመንኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ይቅርታዬን መልሱልኝ ልበላቸው? ወላሂ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶም አያውቅ።» ልክ ናቸው። ሽማግሌ ያለውን ቃል ካጠፈ ነገ ማን ይሰማዋል? ከዚያ ወዲያ ለሰላምታዬ በግማሽ አፍ ነበር የሚመልሱልኝ። እኔ በሁለት በኩል ተቀይመውኝ፣ ቤት ውስጥ ልጄ፣ ውጭ አባ፣ ማን ላይ እንደምናደድ እንኳ ግራ ገባኝ።

ነገሩን የፈታችው ራሷ ልጄ ናት። አንድ ከሰዓት አባ በራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። ንጹህ ወረቀት አውጥታ ፊቱን ሞልታ ጻፈች፣ ገልብጣ ጀርባውን ሞላች፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው። አባ አገላብጠው አዩት።

«መምህሬ የፈተና ወረቀቴን አላገላበጠውም፣ አባ። የጣለኝ ያ ነው።»

«ይሄው ነው? ሌላ ጠብ የላችሁም?»

«የለንም።»

አባ ወረቀቱን መለሱላት። ከዚያ አጠገባቸው ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረው፣

«ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ስለምን ይቅርታ አስባልሽኝ?» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

በማግስቱ ጸሐፊዋ አባን ስታይ ብድግ አለች። እኔ ስንት ቀን የቆምኩበትን በር እሳቸው በአንድ አሰላሙ አለይኩም አለፉት። የተናገሩትም አጭር ነው። ያ ይቅርታ የሽምግልና ነው፣ የጥፋት አይደለም፤ ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ያኔም አላውቅ፣ ዛሬም አላውቅ፤ እናንተ ወረቀቱን ገልብጡት። ኃላፊው እኛም አገር ሽምግልና እንዲሁ ነው ብሎ ፈገግ አለ። ይህን እያወቀ ነው እንግዲህ ኮርጀሽ ነበር ያላት። ብቻ ወረቀቱ ለሁለት መምህራን እንዲሰጥ ጻፈ።

እንደገና ጥበቃ። አንዱ መምህር ሥልጠና ሄዷል፣ ሌላው ፈተና እያረመ ነው። ልጄ ምግብ አስጠላት፤ እኔም ስልኳ በጮኸ ቁጥር እጄ ላይ ያለውን መጣል ለመድኩ። ሲመጣ በአንድ መስመር መጣ፤ ኤፉ ወደ ሲ ተቀይሯል። ጀርባው ላይ የሠራችው ትክክል ነበር። ከባቾቿ ጋር ትመረቃለች። አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት አልለየሁትም።

አባ ግን አላለቀላቸውም። ጥፋቱ የተገኘበት ሰው በተራው ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ፤ ወጉ እንደዚያ ነዋ። ጁምዓ ሰግደው ሲመለሱ በእኔ በኩል ያልፉና፣

«ያ መምህር አልመጣም?» ይሉኛል።

«አልመጣም፣ አባ።»

«ይመጣል» ይላሉ።

በቀደም መጣ፤ ማንጎ ሊገዛ። እናቴ እንዴት ነዎት አለኝ፣ እንደ በፊቱ በትሕትና። ስለ ወረቀቱ ያነሳል ብዬ ጠበቅኩት። ማንጎውን ጫን ጫን እያደረገ መረጠ፣ ስለ ሙቀቱ አወራ። ልጄ ከጎኔ ቆማለች። የዚህን ሴሚስተር ኮርስ የሚያስተምራት እሱ ነው፤ ፈተናው ገና ነው።

ማንጎውን በፌስታል አድርጌ ሰጠሁት። ከዚያ እጄ በራሱ ጊዜ ሄዶ ከላይ ከተደረደረው ደህናውን አነሳና ምራቂ ጨመረለት።

ልጄ አየችኝ።